ከዚህ የሚል ነጭ ፕላስተር

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው... ገና ሳልረሳው ቶሎ ልጻፈው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ በጨለማ የሚመጣ ይመስለዋል። እኛ ቤት የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳሎናችን ውስጥ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፣ ሁለታችን ብቻ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጋር የገጠምኩት ኮምፒውተር አለ፣ ፊልም እንድናይበት ብዬ። እናቴ ግን የፊልም ነገር አይሆንላትም። እሷ የምታየው አባቴ ያለባቸውን አስራ አንድ ቪዲዮዎች ነው። በየቀኑ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በአንደኛው ውስጥ አባቴ እየሳቀ "ብሎን! ና እስቲ" ብሎ ይጠራኛል። ልጅ ሆኜ ያገኘሁትን ዕቃ ሁሉ እየፈታሁ ስለማስቸግራቸው ያወጡልኝ ስም ነው። ከእሱና ከእናቴ በቀር በዚህ ስም የሚጠራኝ የለም።

የአባቴ ድምፅ ሌላ የትም ቦታ አልነበረም።

ችግሩ ዲስኩ አርጅቷል። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፣ ያውም እየተንቋቋ።

"ይሄ ነገር እስኪነሳ እኔው ራሴ አባትህ ጋ እደርሳለሁ" ትለኛለች እናቴ እየሳቀች።

ሲስተሙን ምን ላይ ልጫነው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ፍላሽ ርካሽ ነው፣ ግን ዕድሜ የለውም። ሱቅ ውስጥ ሌላ ሃርድ ዲስክ ነበረኝ፣ እሱም ያው ጩኸት ነው። በመጨረሻ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲስ ዓይነት ዲስክ መረጥኩ። ድምፅ የለው፣ ሙቀት የለው፣ ከመቅጽበት ይነሳል። አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ እንዳለ ልገለብጥበት ስለፈለግኩ መጠኑንም እኩል አደረግኩት።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ዲስክ ከመገልበጣችን በፊት አሮጌው ላይ ነጭ ፕላስተር እንለጥፍና "ከዚህ" ብለን እንጽፍበታለን፣ የሚቀዳው ከዚህ ነው ለማለት። ምክንያቱም መጠናቸው እኩል የሆኑ ዲስኮች መገልበጫው ፕሮግራም ላይ አንድ ይመስላሉ። ከተምታታብህ ባዶውን ሙሉው ላይ ትገለብጠዋለህ... አለቀ። የደንበኛ ዕቃ ሲሆን አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም።

የራሴ ቤት ነው ብዬ ፕላስተሩን ተውኩት።

ግልበጣውን አስጀመርኩ፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፕሮግራሙ "መቶ ፐርሰንት" አለኝ። ከፈትኩት...

ሁለቱም ባዶ።

 የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፣ አንድ ቪዲዮ እንኳ አልተረፈም። አባቴን ሁለተኛ በገዛ እጄ ቀበርኩት።

ለእናቴ መናገር አቃተኝ። አዲሱ ዲስክ ላይ ባዶ ሲስተም ጫንኩና "ቪዲዮዎቹን እያስተካከልኩ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ" አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ዋሸኋት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷ በርቷል።

"ተባረክ ልጄ! እንዴት ጥርት አድርገህ አሳየኸኝ።"

"ምኑን?"

"አባትህን ነዋ።"

ዲስኩን አገላብጬ ፈተሽኩት። ምንም የለም። ናፍቆት ነው አልኩ፣ አንጀቴን በላችው። ሹራቧ ትከሻ ላይ የተጣጠፈ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ከእኔ ዕቃ የመጣ መስሎኝ ላጥኩና ሳላየው ጣልኩት።

በሦስተኛው ቀን ሱቄን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ በራ... ማንም አልነካውም።

አባቴ። ሳሎናችን ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ወደ እኛ ያያል።

ሶፋውን የገዛነው ዘንድሮ ነው።

"እማዬ... ይሄ ቪዲዮ ነበረን እንዴ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝም በል፣ እያወራኝ ነው።"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከስክሪኑ ታች፣ ጥግ ላይ ግን ትንሽ ጽሑፍ ነበረች።

አርባ ሁለት ፐርሰንት።

በማግስቱ ሃምሳ ስምንት ሆነ። የዚያን ቀን እናቴ መታጠቢያ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት የኖረችበት ቤት!

ሰባ አንድ ላይ የእህቷን ስም ረሳች።

ሰማንያ ላይ "ሥራህ ምንድነው?" አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ ደግሞ በአባቴ ጎን ነገሮች አንድ በአንድ ይጨመራሉ። መጀመሪያ የእናቴ ነጠላ ጫማ... ቀጥሎ መነጽሯ... ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ የተጣመሩ ሁለት እጆች።

ያኔ ገባኝ። ግልበጣ ነው። እናቴ እየተገለበጠች ነው።

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተሸክሜ አወጣኋትና ማዶ ጎረቤት ቤት አስቀመጥኳት። "አባትህ እየጠበቀኝ ነው" እያለች እንደ ሕፃን አለቀሰችብኝ። ተመልሼ ሳሎን ስገባ ቴሌቪዥኑ በርቷል። ቁጥሩም ጨምሯል። ዘጠና።

ሶኬቱን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ... ከዚያ ቀጥ አልኩ። ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ... ግልበጣ ተጀምሯል። በስህተት ነው። መሃል ላይ ልንቀለው?"

"ስንት ደርሷል?"

"ዘጠና።"

"አብደሃል እንዴ? አሮጌውም ይበላሻል፣ አዲሱም አይነሳልህም። ሁለቱንም ታጣለህ! እጅህን ሰብስበህ ጠብቅ።"

"ግን ጋሼ... አሮጌው..."

"አንዴ ከተገለበጠ በኋላ አሮጌው ምን ያደርግልሃል?"

 ስልኩ ጆሮዬ ላይ እንዳለ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ስንቱን ኮምፒውተር ከሞት ያስነሳሁ ሰውዬ፣ እናቴን ከአንድ ሶኬት ማስጣል አልቻልኩም።

አልነቀልኩትም።

ትናንት ወደ ቤት መለስኳትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ቴሌቪዥኑ በራ።

መቶ ፐርሰንት።

እናቴ ስክሪኑ ውስጥ ናት። ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ትስቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰማሁ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና፣

"ብሎን! መጣህልኝ?" አለች።

የያዝኩት እጅ ከእጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

ዞር ስል አጠገቤ ያለችው እናቴ አተኩራ ታየኛለች። እንግዳ ሰው እንደሚያይ።

"ማነህ ልጄ?"

"እኔ ነኝ እማዬ... እኔ ነኝ..."

አልሰማችኝም። እጇን ወደ ትከሻዬ ዘረጋች።

"ምንድነው ይሄ የተለጠፈብህ?"

ላጠችና ሰጠችኝ። ነጭ ፕላስተር ነው። ላዩ ላይ ተጽፏል... በገዛ እጅ ጽሑፌ።

ከዚህ።

ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ጥግ ላይ ያለችው ቁጥር ተቀይራለች።

አንድ ፐርሰንት።

አባቴም ሶፋው ላይ ጠጋ አለና በእሱና በእናቴ መሃል ቦታ ለቀቀልኝ።