የእማማ ደሪቱ ድንጋይ

ፍረወይኒ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ወሎ ሰፈር ነው። ከእማማ ደሪቱ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ልጆች፣ ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ስኳር የሚገኘው በኩፖን ከቀበሌ ሱቅ ነበር። ሰልፉ አይጣል ነው! መቆም ያቃተው ሰው ታዲያ በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። ማንም አያስገድደውም፤ ደግነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማማ ደሪቱ ከፍረወይኒ ፊት ተሰልፈው ሳለ ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ልጄ፣ እዚያ ጥላው ሥር ልቀመጥ። ድንጋዬን እየገፋሽ ጠብቂልኝ። ሴት ልጄ ጫልቱዬ ወልዳ ለአጥሚቷ ስኳር የለኝም» አሏት።

«እሺ እማማ!»

ገፋች፤ ደግማ ገፋች። በመሃል ባለሱቁ ብቅ ብሎ፣ «ስኳሩ ሊያልቅ ነው፤ ወደ ኋላ ያላችሁ አትድከሙ!» ሲል ጮኸ። ፍረወይኒ ጣፋጭ ሻይ ትዝ አላት። ምራቋን ዋጠች። ከዚያ ምን አደረገች መሰላችሁ? ድንጋዩን እንዳላየች ሆና አልፋው ቆመች። የሚገፋው ያጣ ድንጋይ ደግሞ ያው ድንጋይ ነው፤ ከኋላ ያሉትም እየተራመዱት አለፉ።

የመጨረሻው ስኳር ለፍረወይኒ ተሰፈረ። እማማ ደሪቱ እያነከሱ መጡ።

«አለቀ እንዴ?»

«አዎ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«አንቺስ አገኘሽ? እሰይ! እንኳን አገኘሽ!»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቤት ገብታ ሻይ ሲቀርብላት አልወርድ አላት። እያለቀሰች ለእናቷ ለአስመረት ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ስኳሩን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በጣሳ ሰጠቻት።

«እማዬ፣ አንቺ ውሰጂላቸው።»

«ድንጋዩን እኔ ነኝ የተውኩት? ራስሽ ወስደሽ ራስሽ ንገሪያቸው!»

ፍረወይኒ የእማማ ደሪቱ በር ላይ ቆመች። ጣሳውን ዘረጋችላቸው።

«እማማ፣ ድንጋይዎን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ደሪቱ ጣሳውን ተቀበሏትና ግንባሯን ሳሟት።

«ጥላው ሥር ሆኜ አይቼሻለሁ እኮ፤ መጥተሽ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት» አሏት።

ያን «እሰይ» ያሉት እያወቁ ኖሯል! ፍረወይኒ እንደገና አለቀሰች፤ የአሁኑ ልቅሶ ግን ልብን ቀለል የሚያደርግ ነበር።

ልጆች፣ ጎረቤት አምኖ የሰጠንን ትንሽ ነገር ማንም ባያየንም በታማኝነት እንፈጽም፤ ስንበድልም በራሳችን አንደበት ይቅርታ እንጠይቅ።