የቡሽ ፈገግታ

ልጅቷ የመንሳፈፊያ ጃኬት እየሰፋች ትኖራለች እንጂ እግሯን እንኳ ሐይቅ ውስጥ ነክራ አታውቅም። እናቷ የውሃ ነገር ሲነሳ ያማትባሉ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ሐይቁ ዳርቻ አላስጠጓትም።

በስፌት ቤቱ ጓሮ ትልቅ ገንዳ አለ። ጃኬት ተሰፍቶ ሲያልቅ ለአሸዋ ከረጢት ይለበስና ገንዳው ውስጥ ይጣላል፤ ካልሰጠመ ይሸጣል። አንድ ቀን ሰዉ ሁሉ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ቀላል ነው ብሎ «ቡሽ» የሚለው ሳቂታ ጀልባ ነጂ ሊገዛ መጣ። አሸዋ ፍርሃት አያውቅም፣ በሰው ይሞከር አለና ጃኬቱን አጥልቆ ከነጫማው ገንዳው ውስጥ ዘለለ። ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

«አበሰበስከኝ እኮ» አለችው፣ ለመቆጣት እየሞከረች።

«ያንሳፈፍሽውን ሰው ትቆጫለሽ?» አለ በጀርባው ተንጋሎ። ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣም። አንዴ ዚፑ ያዘ፣ ሌላ ጊዜ ማሰሪያው ላላ እያለ ይመጣል። ዝም ብሎ ሲያያት መርፌው ጣቷን ይወጋታል። በመጨረሻ እንድታገባው ጠየቃት፤ እሺ አለችው።

እናቷ ግን አሻፈረኝ አሉ። ሁሉ ነገር የሚያስቀው ሰው ቤቱ ሲቃጠልም ይስቃል፣ በክፉ ቀን ጥሎሽ ይሄዳል አሏት። ብዙ ከተለመኑ በኋላ፣ ከሐይቁ ማዶ አልጋ ላይ ውለው መምጣት ያልቻሉትን የቡሽን እናት አይተው ቁርጡን ሊናገሩ ተስማሙ።

ከሌሎች መንገደኞች ጋር በቡሽ ጀልባ ከመሳፈራቸው በፊት የጃኬታቸውንም የልጃቸውንም ማሰሪያ ደጋግመው አጠበቁ። ጀልባዋ መሀል ስትደርስ የፈሩት ነፋስ ተነሳ። ማዕበል ጎኗን ሲመታ እናት «አለቀልን፣ ብዬ ነበር» እያሉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ሊነሳ ተንቀሳቀሰ። ጀልባዋ አዘነበለች።

«እማማ» አለ ቡሽ ከሞተሩ ሳይነቃነቅ፣ ፊቱ እንደ ወትሮው በርቶ፣ «ልጄን አልድርም ለማለት ይሄን ያህል መድከም የለብዎትም። ቁጭ ብለው ይስደቡኝ፤ ማዶ እስክንደርስ ጊዜ አለን።»

አንዱ ተሳፋሪ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። እናት ሳያስቡት ቁጭ አሉ፤ ጀልባዋም ተቃናች። እሳቸው ሲያማርሩ፣ እሱ «ይጨምሩ» ሲል ማዶ ደረሱ።

ሰዉ ወርዶ ሲያልቅ ልጅቷ ወደ እሱ ሄደች። ቡሽ ገመዱን ለማሰር ይታገላል፤ ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ ቋጠሮው እምቢ ብሎታል። ተቀበለችውና በለመደ እጇ አሰረችው።

«ፈርተህ ነበር?»

«በጣም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰዉ የሚያየው የኔን ፊት ነው። ፊቴ ከጠቆረ ሁሉም በአንዴ ይነሳል። ያኔ ጀልባዋ ትገለበጣለች።»

ያ ቀላል የመሰላት ሳቅ ለካ ስንቱን ሰው ተሸክሞ ኖሯል። እጁን ያዘችው።

እናቷ ከኋላቸው ቆመው ሰምተዋል። ጣቶቹን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ሹራባቸውን አውልቀው በረጠበው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«ስንመለስም ነፋሱ አይቀርልንም» አሉ። «አጠገብህ ነው የምቀመጠው፤ ፊትህን እያየሁ እንድሄድ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጫማዋን አወለቀችና ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ሐይቁ ውስጥ ነከረች። እናቷ አዩዋት፤ አላማተቡም።