ጉሮሮ የደረሰው ጠብታ

«እጅሽን ሰብስቢ» አሉ አያ ምናለ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

አበቡ የዓይን ጠብታውን እንደያዘች ቀረች። የአያቷ የዓይን ሞራ ከተገፈፈ አራተኛ ቀኑ ነው። ከአገራቸው ከድብ ባሕር በጭነት መኪና ጎንደር መጥተው፣ በልጃቸው ቤት በትራስ ተደግፈው፣ ዓይን ገልጦ መቆየት ብቻ ነበር የቀራቸው። እሱም ከበዳቸው።

«አያ፣ ዓይን እኮ አፍ አይደለም።»

«ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ጉሮሮዬን ያመረረው በጆሮዬ ገብቶ ነው? በሁዳዴ ጾሜን ልታስገድፊኝ! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጊው።»

ምሬቱስ እውነት ነው፤ ዓይን ላይ ጠብ ያለው ጉሮሮ ይደርሳል። አጨዳ ላይ የዋጡት ዝንብ ግን ስንት ነው፤ አንዱንም ለንስሐ አባታቸው አልተናዘዙም። ሰው የፈራውን ሃይማኖት ሲያለብሰው ደፋር ይሆናል።

ልጅቱስ ብትሆን! የሆስፒታሉ ድሬሰር ደመቀ «በቀን አራቴ፤ መግል ዓይን ውስጥ ከገባ ማየት የሚባል የለም» ብሎ ወረቀት ሰጥቷት ነበር፣ ባደረገች ቁጥር ምልክት እንድታኖር። አንዴ እያደረገች አራት ምልክት አኖረች። ትናንት ለክትትል ሲሄዱ ወረቀቱን አይቶ «ሸጋ ልጅ» ሲላት አንገቷን ደፋች፤ እሱም ጨዋነት መሰለው። ስምንት ዓመት ፊደል ቆጥራ፣ የተማረችው ውሸትን አሳምሮ መጻፍ ነው።

«ምነው ዛሬ ጭጋጉ እንዲህ ወረደ?» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

አበቡ መስኮቱን አየች። የመጋቢት ፀሐይ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እያብረቀረቀው ነው። ጎንበስ ብላ ዓይናቸውን አየች። ቀልቷል፤ ሽፋኑ አብጧል።

«ያምዎታል?»

«ከሌሊት ጀምሮ ይወጋኛል። ይለፍ ብዬ ነው።»

«አያ፣ ጭጋግ የለም።»

እጃቸውን ዓይናቸው ፊት ዘርግተው ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ።

«ይነሡ፤ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ምን ልትያቸው?»

«በቀን አንዴ ብቻ ነው ያደረግሁት፣ የጻፍሁት ውሸት ነው እላለሁ።»

«ያዋርዱሻል።»

«ያዋርዱኝ።»

«እኔ ከለከልኋት እላለሁ።»

«እርስዎ የእርስዎን ይናገራሉ። የእኔን እኔ።»

ጋቢያቸውን አለበሰቻቸው። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖረችና በሩን ከፈተች። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ደረጃው ስንት እንደሆነ ጠየቋት። ሦስት መሆኑን ነገረቻቸው።