ሠላሳ አንድ ከመቶ

ስንዱ በየማለዳው ሥራዋን የምትጀምረው በመዋሸት ነበር። በሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ፍርድ ቤት የመሣሪያ ባለሙያ ናትና፣ ችሎት ከመከፈቱ በፊት ልበ-ልክን በአልኮል ትወለውላለች፤ ከዚያ አንድ እውነትና አንድ ውሸት ትነግራታለች። ልበ-ልክ የተናጋሪውን ድምፅ፣ ትንፋሽና ፊት አይታ ቃሉ ምን ያህል እንደሚታመን ከመቶ የምትሰጥ መሣሪያ ናት። እውነቱ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ «ዛሬ ሐሙስ ነው» ሊሆን ይችላል። ውሸቱ ግን ተቀይሮ አያውቅም።

«እልፌ አትናፍቀኝም» ትላለች። መሣሪያዋ አራት ወይም አምስት ትሰጣለች፤ ስንዱም ደህና ናት ብላ ትፈርማለች።

እልፍነሽ ታናሽ እህቷ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት አለቃዋ እንደደፈራት በዚሁ ችሎት ተናግራ ሃያ ስምንት አገኘች። ሕጉ ከስልሳ በታች ያመጣን መዝገብ ይዘጋል። ያን ቀን መሣሪያዋን ያስተካከለችው ራሷ ስንዱ ነበረች፤ ደጅ ጠብቃም «እልፌ፣ እስቲ ለእኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። በማግስቱ እልፌ ሳትሰናበት ሄደች። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ስንዱ እስከ ዛሬ የጀልባ ደወል በሰማች ቁጥር በመስኮት ብቅ ትላለች፤ ናፍቆት ሰውን ያጃጅላል።

ያን ሐሙስ አልኮሉ ዓይኗ ውስጥ ተረጨ። እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ የለመደችውን ውሸት ተናገረች። ዘጠና አንድ አገኘች።

ተበላሸች ብላ የመሣሪያዋን የትምህርት ማኅደር ከፈተች፤ ልበ-ልክ ሥራ ከመጀመሯ በፊት የተማረችባቸው ቅጂዎች ያሉበት ነው። ሐዘንን ያስተማሯት ከለቅሶ ቤት በተቀዱ አርባ ሺህ ሰዎች ነበር። ሠሪዎቹ «ሰው ለቅሶ ቤት አይዋሽም» ብለው ይሆናል። ለቅሶ ደርሰው የማያውቁ መሆን አለባቸው! ከአጥሩ ጀምሮ ወይኔ እያለ ገብቶ፣ ገና ከመቀመጡ ንፍሮውን እየቆረጠመ የሰፈሩን ወሬ የሚጠይቀውን ማን አያውቅም? ልቡ የተሰበረው ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ዓይኑ ደርቆ የተቀመጠው ነው። ልበ-ልክ ግን እንባን እውነት፣ ደረቅ ዓይንን ውሸት ብላ ተምራለች። ችሎቱ ተጀምሮ ነበርና ስንዱ ማኅደሩን እንኳ ሳትዘጋ ወደዚያው ሮጠች።

ረድኤት የተባለች የጀልባ ጣቢያ ሠራተኛ፣ የጣቢያው ኃላፊ ዕቃ ክፍል ቆልፎባት ያደረገባትን እየተናገረች ነበር። ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለዐቃቤ ሕጉም ደጋግማዋለች፤ ይኼኛው አሥራ አንደኛ ጊዜዋ ነው። መዳፎቿን ከጭኖቿ ሥር ሸጉጣ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታነብ ሁሉ ተናግራ ጨረሰች። እንባ ጠብ አላለም።

ሠላሳ አንድ።

«እንግዲህ መሣሪያዋ ተናግራለች» አለ የተከሳሹ ጠበቃ ፈገግ ብሎ። ዳኛ አስካለ መዝገቡን ለመዝጋት እጃቸውን ዘረጉ።

ባለሙያ በችሎት መናገር ክልክል ነው። ስንዱ ግን «ክብርት ዳኛ፣ አንድ ጊዜ!» አለችና አልኮል የነከረችውን ጨርቅ ዓይኗ ላይ ጨመቀችው። ልበ-ልክ ፊት ቆማ ደረቷን እየደቃች «ወይኔ እናቴን! እናቴ ሞተችብኝ!» ብላ ጮኸች።

ዘጠና ስድስት።

«ነፍስ ይማር» አሉ ዳኛዋ ደንግጠው።

«ኧረ እናቴ ደህና ናት፤ ጠዋት እንኳ በስልክ ስትቆጣኝ ነበር» አለች ስንዱ ዓይኗን እየጠረገች። ከዚያ የማኅደሩን ጉድ ዘረገፈችው።

ዳኛዋ መዝገቡን ሳይዘጉ እጃቸውን መለሱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲያነቡ ነው የኖሩት። «ታዲያ ያለ ልበ-ልክ በምን ልንመዝን ነው?» አሉ፤ የምራቸውን ነበር።

የመለሰችላቸው ረድኤት ናት። «የነገርኳችሁን ከሌላው ጋር አስተያዩት እንጂ፣ ክብርት ዳኛ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተቆለፈብኝ ብያለሁ፤ የበሩ መዝገብ አለ። ክንዴን ያየ ሐኪም አለ። ለእናቴም ወዲያው ደውዬላታለሁ። ግን ሁሉም ቁጥሩን ሲጠብቅ የቀረውን ወረቀት የገለጠው የለም።»

ዳኛዋ የልበ-ልክን ገመድ በገዛ እጃቸው ነቀሉት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ደግመሽ አትናገሪም፤ ቃልሽ ተጽፏል። ማንበቡ የእኛ ሥራ ነው» አሏት።

የበሩ መዝገብ መጣ። በሩ ረድኤት ባለችው ሰዓት ተቆልፏል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላም የተከፈተው በኃላፊው ጣት አሻራ ነው። የጠበቃው ፈገግታ ጠፋ። ጉዳዩ ሳይዘጋ ለቀጣይ ክርክር ተቀጠረ፤ ከስልሳ በታች አምጥተው የተዘጉት መዝገቦችም ሁሉ እንዲከፈቱ ታዘዘ።

ስንዱ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። የእልፌን መዝገብ ፈልጋ አወጣች። ስድስት ዓመት የምታውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ቃሏን አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ምነው አሁን አጠገቤ በነበረችና እግሯ ላይ በወደቅሁ ስትል ተመኘች። ከዚያ ቅጂውን ከፈተችው።

እልፌ ቀስ ብላ፣ በደረቀ ድምፅ ሁሉንም ተናገረች። መጨረሻ ላይ ዳኛዋ ሃያ ስምንት ሲሉ ይሰማል፤ የምትጨምሪው አለ ወይ ብለውም ጠየቋት።

«የለኝም» አለች እልፌ። «እናንተ ባታምኑኝም ግድ የለም። እህቴ ደጅ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ እሷ ታምነኛለች።»