የዳኛቸው ጥርስ

ሀብተ ማርያም በኮርማው በረት ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ግንባሩ ተሰንጥቋል። ውሻው ደረቱ አጠገብ ተኝቶ ሰው ሲጠጋ ዓይኑን ብቻ ያነሳል።

«ኮርማው ወግቶት ነው» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ይጻፍና እንሂድ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ፀሐዩ ሳይበረታ።»

መቶ አለቃ ሣህሉ ማስታወሻውን አላወጣም። የምርመራ ትምህርቱን በምሥራቅ ጀርመን ጨርሶ ከመጣ ገና መንፈቁ ነው። ተወልዶ ባደገባት ድሬዳዋ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። የሰማውን ሁለቴ ካልሰማ አያምንም፤ ሁለቴ ሲሰማው ደግሞ ይብስ ይጠራጠራል። አንድ ቦታ መቆም ስላልሆነለት በረቱን ዞረ። ኮርማው ያመነዥካል። ቀንዱ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። ከውሃ ገንዳው እስከ አስከሬኑ ድረስ ግን ሁለት ጭረት መሬቱን አስምሮታል፤ የሰው ተረከዝ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት። ገንዳው ሥር ያለውን ለስላሳ አፈር በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። ከሥሩ ደም አለ።

«ሰው ነው የገደለው» አለ።

ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያልኩህን ስማ። ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም እዚህ ግቢ ሱማሌ እረኛ አለ። ሰው ነው ካልክ ደኅንነቶች ሰርጎ ገብ ነው ብለው ማምሻውን ይወስዱታል። ከነሱ እጅ የተመለሰ ታውቃለህ?»

ሣህሉ አያውቅም። ጃማዕ የሚባለው እረኛ በሩ አጠገብ አብሮት ከመጣው ፖሊስ ጎን ቁጢጥ ብሏል። ሣህሉ እውነቱን ከጻፈና ገዳዩን እስከ ማታ ካላገኘ፣ ይህን ሰው የሚያስበላው የራሱ ብዕር ነው።

የሟች ሚስት በለጠች ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

«እትዬ በለጠች፣ ያጽናዎት። ይህ ውሻ ምን ዓይነት ነው?»

«ዳኛቸው ነው ስሙ» አለች። «ሁለት አውራ ዶሮ ሲፋለሙ መሀላቸው ገብቶ ይተኛል። ፍየሎቹ ሲማቱ የጀመረውን ተረከዙን ቆንጠጥ ያደርግና የተመታው አጠገብ ሄዶ ጋደም ይላል። አህያዋና ኮርማው ካንድ ገንዳ የሚጠጡት በሱ ነው። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ስሙን ሲሰማ የተሰደበ መስሎት ሳምንት አኩርፎናል።»

«ሰው ሲጣላስ?»

«ሰውም ለሱ ፍየል ነው።»

«ጋሽ ሀብተ ማርያም ሰሞኑን ከሰው ተጣልተው ነበር?»

«ትናንት የልጃችን ጓደኛ ከእስር ተፈታ ብለውት ሊጠይቀው ሄደ። ልጃችን አብሮት ተይዞ ነበር፤ እሱ ግን አልተመለሰም።» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሀብቴ ሲመጣ እራት አልበላም። ወንድሙን ብቻ ‹ጠዋት ከብቶቹ ጋ እፈልግሃለሁ› አለው።»

አስከሬኑን ያገኘችው ከመልካ ጀብዱ የግመል ወተት የምታመጣው ኪንሲ ናት። ውሻው ወደ እሷ ሲራመድ የድሪዓ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች።

«ትፈሪዋለሽ?» አላት ሣህሉ።

«ምን አስፈራኝ አቦ? አፉ ከነካኝ ከመስገዴ በፊት ሰባቴ ማጠብ አለብኝ፤ አንዱን በአፈር። እኔ ሳጥብ ወተቴ ይረጋል።»

«ጃማዕን መቼ አየሽው?»

«እኔ ስጮህ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ተመለሰ፣ ከሰዎች ጋር። መስገጃውን ከትከሻው አውርዶ በክፍሉ በር ወረወረና ሮጦ መጣ። ከዚያ ወዲህ አብረን ነን።»

ጃማዕም ይህንኑ ተናገረ።

«ከሱብሂ በፊትስ የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።»

«ማን ያውቅልሃል?»

«አላህ።»

«ለደኅንነቶች አይበቃቸውም።»

«አውቃለሁ» አለ ጃማዕ።

«ከውሻው ጋር እንዴት ናችሁ?»

«ተስማምተናል። እሱ በአፉ አይነካኝም፣ እኔ በእጄ አልነካውም። ከብቱን ግን አንድ ላይ እንጠብቃለን።»

የሟች ታናሽ ወንድም ገብረ መድኅን የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እዚያው ግቢ በጎን ክፍል ይኖራል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ጥቁር ጫማና የሱፍ ካልሲ አድርጓል።

«ለለቅሶ ሰው ይመጣል ብዬ ነው» አለ፣ ሣህሉ ወደ እግሩ ሲያይ። «ወንድሜ ጠዋት ጠርቶኝ ነበር፤ እንቅልፍ ጥሎኝ አልሄድኩም። ሄጄ ቢሆን ይተርፍ ነበር።»

ሣህሉ ከውሻው ጥርስ መሀል ያወጣውን ሰማያዊ ክር መዳፉ ላይ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። «ገዳዩን ውሻው ይዞት ነበር። የሰማያዊ ሽርጥ ክር ነው።»

ገብረ መድኅን ቆይቶ «ውሃ ላምጣላችሁ፤ ሙቀቱ ገደለን» ብሎ በርሜሉ ወዳለበት ጓሮ ሄደ። ጣሳ ይዞ ሲመለስ ሊቀመንበሩን «የሠራተኛው ክፍል ተፈትሿል?» አለው።

ሊቀመንበሩ ገባና ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ሰማያዊ ሽርጥ ይዟል። ጫፉ ተቀዷል፣ የውሻ ለሀጭ ደርቆበታል፣ ደምም ነክቶታል። «መስገጃው ውስጥ ተጠቅልሎ» አለ። «አለቀ እንግዲህ።»

ጃማዕ ሽርጡን አላየም። ያየው ክፍሉን ነበር። «መስገጃዬ ውስጥ?» አለ በቀስታ።

ሣህሉ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰባቸው። እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ወዲያ ወዲህ እያለ ጀመረ።

«ኮርማው ንጹሕ ነው። ሰውየው የተመታው ገንዳው ዘንድ ነው፤ ከዚያ ተጎትቶ በረት ገባ። የመታው ሰው ይህን ሽርጥ ለብሶ ነበር። እስከዚህ ከጓድ ሊቀመንበር ጋር እስማማለሁ። ግን ድሬዳዋ ውስጥ በቤቱ ሽርጥ የማያገለድም ወንድ ማነው? እኔም አገለድማለሁ። ኪንሲ፣ ጃማዕ የውሻ አፍ የነካው ልብስ ቢኖረው ምን ያደርገዋል?»

«ያጥበዋል። ካልሆነ ይጥለዋል። መስገጃ ውስጥማ … አብዷል እንዴ?»

«ነፍስ ያጠፋ ሰው ስለ ጨርቅ ይጨነቃል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔም ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። እንጃ፣ ላይጨነቅ ይችላል። ግን ጃማዕ በዚህ መስገጃ ሱብሂን በሰው መሀል ሰግዷል። ሽርጡ ያኔ ውስጡ ቢኖር ሲዘረጋው ሰው ፊት በወደቀ ነበር። የገባው ከሶላቱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጃማዕ መጀመሪያ ከሰዎቹ፣ ቀጥሎ ከፖሊሱ ጎን አልተለየም። ሴቶቹም ከዓይኔ አልራቁም። ክሩን ካሳየሁ በኋላ ከመሀላችን የጠፋው አንድ ሰው ነው። በርሜሉ ደግሞ የጃማዕ ክፍል በር ላይ ነው ያለው። ያ ሰው የራሱን ሽርጥ መደበቂያ ሲያጣ ለሌላ ሰጠው። ቸኩሎ ነበርና መስገጃው እንደ ማንኛውም ምንጣፍ ታየው። ለመስገጃው ባለቤት ምን እንደሆነ ቢያስብ ኖሮ አልጋው ሥር በጣለው።»

ቆመ። «አቶ ገብረ መድኅን፣ ጫማዎን ያውልቁ።»

ገብረ መድኅን አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን፣ ከዚያም ካልሲውን ሳበ። ተረከዙ ላይ የጥርስ ቀዳዳዎች አብጠዋል።

በለጠች ብድግ አለች። «የተፈታው ልጅ ለሀብቴ ምን ነገረው?»

«ደኅንነቶቹ ደብድበውኝ ነበር» አለ ገብረ መድኅን መሬቱን እያየ። «የልጅሽን ስም እኔ ባልሰጣቸው ሌላ ሰው ይሰጣቸው ነበር። ይህንን ላስረዳው ብል አልሰማ አለኝ። እጁን ያነሳው መጀመሪያ እሱ ነው። በማርያም፣ እሱ ነው።»

በለጠች ያበጠውን ተረከዝ ተመለከተች። «ዳኛቸው ያልጀመረ ነክሶ አያውቅም» አለች።

ገብረ መድኅንን በፖሊስ ጂፕ ወሰዱት። ሣህሉ ጃማዕን ወደ ጎን ጠራው።

«ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ማን እንደሚያነበው ግን አላውቅም። ከኪንሲ ጋር ብትሄድ ይሻላል።»

ጃማዕ በለጠችን አየ። እሷም በአገጯ መንገዱን አሳየችው። ኪንሲ የወተት ዕቃዋን አሸከመችው፤ «ሰው ‹ባልሽ ነው?› ቢለኝ ዝም በል» አለችው፤ ወጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደኅንነቶቹ ላንድሮቨር መጣ። የወረደው ሰው ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም።

«ሱማሌው የታለ?»

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ሣህሉ። «ጣቢያ ነው።»

«ስለ ገዳዩ አልጠየቅኩህም።» ሰውየው ወደ በለጠች ዞረ። «እማማ፣ እረኛሽ ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው?»

«አላውቀውም» አለች።

«ስንት ዓመት ቤትሽ ያደረ ሰው?»

«ስም አልጠይቅም እኔ።»

ሰውየው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ በለጠችን፣ ከዚያም አስከሬኑ የወጣበትን በረት ተመለከተ። «መዝገባችን ላይ የለም» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ።

የቀረው ሣህሉ ነበር። የጃማዕ ቃል፣ ከነስሙና ከነአባቱ ስም፣ ኪሱ ውስጥ ነው። እጁ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ከለከለው።

«እኔም ስሙን አልያዝኩትም» አለ።