ከበሩ ሥር ያለችው ብርሃን

ዝላቲና ከፍል ውኃው ክፍል በር ሥር ብርሃን አለመኖሩ የታወቃት ደረጃውን ወጥታ ከጨረሰች በኋላ ነው። የታጠፉ ፎጣዎች እስከ አገጯ ተሸክማ በበሩ ፊት ስታልፍ ዓይኗ ያችን ቀጭን ቢጫ መስመር ፈልጎ አጥቷት ነበር፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ታማሚው ጋሽ ራንጌል እዚያ ክፍል ውስጥ እያለ መብራት አይጠፋም። በቀትር እንኳ አይጠፋም። ፎጣዎቹን ደረጃው ላይ ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

ማብሪያው እርጥብ እጅ እንዳይነካው ተብሎ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የተተከለ ነው። ተጫነችውና በሩን ከፈተች። እንፋሎቱ ሲገለጥ ራንጌል ገንዳው ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተንሳፍፎ አየችው። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ውኃው ከደረቱ አያልፍም ነበር።

ጩኸቷን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ልጇ ኔቬና ናት። ከነልብሷ ዘላ ገባች፤ ጎትታ አወጣችው። የወደቁ ሰዎችን እንደገና መራመድ የምታስተምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናትና ደረቱን እየተጫነች ግማሽ ሰዓት ታገለች። በመጨረሻ የቤቱ ሐኪም ዶክተር ፔንኮቭ ትከሻዋን ነካ አድርጎ በቃ አላት።

ሁሉም ሬሳውን ከበው ሳሉ ዝላቲና ከአግዳሚ ወንበሩ ሥር የወደቀ ፎጣ አየች። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ በቀይ ክር የኔቬና ስም ተጠልፏል፤ የጠለፈችው ዝላቲና ራሷ ናት። ውኃ እስኪንጠባጠብ ድረስ ርሷል። ዝላቲና ልጇ አስም የያዛት ጊዜም፣ ትዳሯ የፈረሰ ጊዜም የመጨረሻውን ክፉ ነገር አስቀድማ ያሰበች ሴት ናት። አሁንም አሰበች። ፖሊስ ይመጣል፣ ከሞተ ሰው አጠገብ የልጄን ስም ያገኛል። ፎጣውን ከሽርጧ ሥር ሸጎጠች።

ፖሊስ ግን አልመጣም። ከሁለት ቀን በፊት የወረደው በረዶ የተራራውን መንገድ ዘግቶታል። በስልክ የተሰጠው መልስ ነገ ከቀትር በፊት መንገዱ አይከፈትም የሚል ነበር። ወቅቱ ስላልሆነ ሠላሳ ክፍል ባለው በዚያ የማገገሚያ ቤት ውስጥ የቀሩት አምስት ሰዎችና አንድ ሬሳ ናቸው። መስኮቱ ሁሉ እስከ ወገቡ በረዶ ነው። ማንም አይወጣም፤ ማንም አይገባም።

ከአምስቱ አንዱ ኢንስፔክተር ሚሆቭ ነበር። ፕሎቭዲቭ ከተማ ሠላሳ ዓመት ወንጀል መርምሮ ጡረታ የወጣ፣ የዳሌ አጥንቱ ተቀይሮለት ከኔቬና ዘንድ በክራንች መራመድ የሚማር ሰው ነው። ፖሊሶቹ እስኪደርሱ ነገሩን እንዲይዝላቸው ለመኑት። እሱም ሬሳው አጠገብ በጭንቅ ቁጢጥ ብሎ የሟቹን መዳፎች ገለበጠ። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል፤ የጣቶቹ ጫፍ ተልጧል። ሌላ ቁስል የለም። ሚሆቭ የገንዳውን ሻካራ የድንጋይ ወለል አየ። ከዚያ አግዳሚውን በመዳፉ ዳበሰ። አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል እርጥብ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረው ዶክተሩን ነው። ዝላቲና የእራት ሳህን የምትደረድር መስላ ሰማች። ራንጌል የታወቀ የገመድ ላይ ተራማጅ እንደነበር፣ ከአራት ዓመት በፊት ሳንባው ታሞ መርፌው ሳንባውን ሲያድንለት የሁለቱን ጆሮዎቹን ሚዛን እንደገደለበት ዶክተሩ ነገረው።

«ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው» አለ ዶክተሩ። «ዓይኑ ያያል። እግሩና ጡንቻው መሬቱን ያዳምጣል። የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል። አእምሮ የሦስቱን ወሬ አገናዝቦ ነው ጡንቻን የሚያዝዘው። አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ይበቃሉ።»

«ከሁለቱም አንዱ ቢጎድልስ?»

«እንደ ጆንያ ይወድቃል። ይህን ደግሞ የምናውቀው እኔና ኔቬና ብቻ ነን።»

ዝላቲና እጇ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጠች። ዶክተሩ ተሳስቷል። ራንጌል ራሱ ትናንት እራት ላይ ራኪያ የሚሉትን አረቄ ጨብጦ «መብራቱን አጥፉብኝና ገመድ ላይ ሃያ ሜትር የሄደ ሰው ወደ አልጋው ሦስት እርምጃ ሲያቅተው ታያላችሁ» ብሎ አስቋቸው ነበር። ቀጥሎም የእህቱ ልጅ ራያ መንገዱ እንደተከፈተ እንደምትመጣ፣ ሃያ ዓመት የያዘላት አንድ ቃል እንዳለ ተናገረ። የራያ አባት ክሩም ያኔ ማንኪያውን ወደ አፉ ሲወስድ አየር ላይ አቁሞት እንደነበር ዝላቲና አይታለች። ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ፎጣው ትዝ ሲላት ዘጋችው። አንዱን የተናገረ ሌላውን ይጠየቃል።

ኔቬና የተናገረችው አጭር ነው። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ... አለችና ሰዓቱን አስታውሳ አስተካከለች። ከሰዓት በኋላ ለአሥር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀር ራንጌልን ከውኃ አወጣችው፤ የተዘጋጁት ፎጣዎች ስላለቁ በራሷ ፎጣ አድርቃ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው፤ ሳትመለስ እንዳይነሣ አስጠንቅቃው እንደየቀኑ ሪፖርት ልትሰጥ ወደ ዶክተሩ ወጣች። እናቷ እስክትጮህ እዚያው ነበረች።

«ፎጣው የታለ?» አለ ሚሆቭ።

«እዚያው ነበር። አሁን የለም።»

ክሩም የመጣው በረዶው ከመውረዱ በፊት በነበረችው የመጨረሻ አውቶቡስ ነው፤ የሟቹ እህት የማሊና ባል፣ የድሮ የገመድ ጓደኛው። ዓይኑ ቀልቷል። ለአሥር ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር በሩን ከፍቶ እንዳየው ተናገረ።

«ውኃው ውስጥ ቆሟል፤ ብረቱን ይዟል። ደህና ነህ ወይ፣ ልሂድ ወይ አልኩት። ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ አወዛወዘልኝ፤ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ አዎ ሂድ ማለቱ ነው። ሄድኩ።»

«መብራቱ በርቶ ነበር?»

«እንደ ቀን።»

ዶክተሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። እንግዲህ ልጅቷ ዋሽታለች አለ፤ ታማሚውን ውኃ ውስጥ ብቻውን ትታ ሄዳለች፤ አልያም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ቤቱ በሱ ኃላፊነት ነው፤ ፖሊስ እስኪደርስ አንድ ሰው ላይ በር መቆለፍ ካለበት የሚቆለፈው እሷ ላይ ነው። ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል ደግሞ የአንሶላና የፎጣ ማስቀመጫው ብቻ ነው። መስኮት የለውም። ቁልፉ ዝላቲና ወገብ ላይ ነው።

«ከእራት በኋላ ሁላችሁም እዚሁ ተሰብሰቡ» አለ ሚሆቭ። ዝላቲና ሳህን ልትደረድር ስትጠጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወይዘሮ ዝላቲና፣ አግዳሚው እርጥብ ነው፤ ፎጣ ግን የለም። ያ ፎጣ ማንን እንደሚጎዳ ያወቁ ይመስልዎታል። እርግጠኛ ነዎት?» አላት።

ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ሰውየው ወጥመድ እየዘረጋ ከሆነስ? ፎጣውን ብታወጣ የልጇ ስም ይታያል፣ ብትደብቀው ልጇ ዋሾ ትባላለች። በየትም ብትዞር ግድግዳ ነው። የአደንጓሬው ሾርባ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ እንኳ አልሰማችም።

ከእራት በኋላ ዶክተሩ መዳፉን ዘረጋላት። «ቁልፉን» አለ። ኔቬና እናቷን አየቻት፤ አልለመነችም፣ አላለቀሰችም። ያ ዝምታዋ ነው ዝላቲናን ያንቀሳቀሳት። ወጥ ቤት ገብታ፣ እዚያ ያቆየችውን እርጥብ ፎጣ ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ሳህኖቹ መሐል አስቀመጠችው።

«ከአግዳሚው ሥር ነው ያገኘሁት። የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም።»

«እማዬ» አለች ኔቬና በቀስታ።

ሚሆቭ ፎጣውን ጨመቀው፤ ውኃው ሳህን ውስጥ ጠብ አለ። «ይህ ፎጣ ሙሉ ሰውነት አድርቋል። ጋሽ ራንጌል ከውኃ ወጥተው ነበር ማለት ነው። ኔቬና አልዋሸችም። ጥያቄው ከአግዳሚው ወደ ውኃው የመለሳቸው ማን ነው የሚለው ነው።»

«ራሱ ተመልሶ ይሆናላ» አለ ክሩም። «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

ሚሆቭ ወደ ዝላቲና ዞረ። «ጋሽ ራንጌልን ሾርባ ይጨመርልዎ ሲሏቸው፣ አዎ የሚሉት እንዴት ነው?»

ዝላቲና ግራ ገባት። «ማንኪያቸውን አንዴ ሳህኑ ላይ ቀጭ ያደርጉታል።»

«ጭንቅላታቸውን ግራ ቀኝ አያወዛውዙም? እንደኛ፣ እንደ አገራችን ሰው ሁሉ?»

«ኧረ እሳቸው! አንገታቸውን የሞላ እንስራ የተሸከሙ ይመስል ነው የሚይዙት።»

ኔቬና ቀና አለች። ገብቷታል። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ዓይን እንዲረጋ የሚያዝዘው ጆሮ ነው አለች፤ የራንጌል ጆሮ አያዝዝም። ጭንቅላቱን አንዴ ቢያወዛውዝ ግድግዳው፣ መብራቱ፣ የሰው ፊት ሁሉ ይዘልበታል፤ ውኃ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ቆሞ አይቀርም። አራት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቱ አዎ ብሎ አያውቅም። መጀመሪያ ያስተማረችው ጭንቅላት ማወዛወዝ መተውን ነበር።

ሚሆቭ ክሩምን አየው። «ውሸት ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሥራዬ እሱን መስማት ነበር። ግን ስትዋሽ እጅህ ላይ ያለውን ነው የምታነሣው። የኛ አገር ሰው አዎ ሲል ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፤ አንተም የድሮውን ራንጌል አወዛወዝከው። ሁለት ቀን ከአሁኑ ጋር በልተህ አላየኸውም።»

ሚሆቭ በጣቶቹ እየቆጠረ ቀጠለ።

«በጭንቅላቱ ያልመለሰ ሰው በጭንቅላቱ መለሰልኝ አልክ። ከውኃ ወጥቶ አግዳሚ ላይ የነበረ ሰው ውኃ ውስጥ ነበር አልክ። መብራቱ በርቷል አልክ፤ ወይዘሮ ዝላቲና ስታልፍ ጨለማ ነበር። ዶክተር፣ ራንጌል በጨለማ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ምን ይሆናል?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ውኃ ክብደትን ይወስዳል፤ እግር የሚያዳምጠው መሬት የለም። ጨለማው ዓይኑን ይወስዳል። ጆሮው ድሮውንም የለም። ሦስቱም...» ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎጣ አየ፤ ኔቬናን ግን ሊያያት አልደፈረም። «ወደ ላይና ወደ ታች አይለይም።»

«ጥፍሮቹ የተሰባበሩት ለዚህ ነው» አለ ሚሆቭ። «ወለሉን ነው ሲቧጭር የነበረው። ወደ ላይ የሚወጣ መስሎት።»

ከጣሪያው ላይ በረዶ ተንሸራቶ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ ደነገጠ።

«ለመንኩት» አለ ክሩም በመጨረሻ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «ማሊና ወድቃ የሞተችበትን ገመድ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጠጥቼ ነበር። ራንጌል እኔ ነኝ ያሰርኩት ብሎ በኔ ፈንታ ስሙን ሰጠ፤ ልጅቷ አባቷን ጠልታ እንዳታድግ ብሎ። ሃያ ዓመት አጎቷን ስትረግም ኖረች። አሁን ራያ ልትወልድ ነው፤ እውነቱን ልንገራትና አንድ ቀን እንኳ ሳትረግመኝ ልሙት አለ። ተው አልኩት። ክንዱን ይዤ ገንዳው ዳር እያንሸራሸርኩ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«ገፋኸው?»

«አልነካሁትም። ዳሩ ላይ አቆምኩት፤ ወጣሁ፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። በቃ። ሲወድቅ ሰማሁት። ውኃው ደረቱ ድረስ ነው፤ ይነሣል አልኩ ለራሴ።» ከዚያም ቃሉን መልሶ «ይነሣል አላልኩም» አለ።

ዶክተሩ የዘረጋውን መዳፍ ከረሳው ቆይቶ ነበር። ዝላቲና ቁልፉን ከወገቧ ፈታች፤ ለማንም አልሰጠችም። ሚሆቭ በክራንቹ ፊት ፊት፣ ክሩም መሐል፣ እሷ ከኋላ ሆነው ኮሪደሩን አለፉ። የአንሶላ ክፍሉ ሳሙናና ደረቅ ጥጥ ይሸታል። ክሩም ከታጠፉት ብርድ ልብሶች መሐል ቁጭ አለ፤ ግድግዳዎቹን ዞሮ አየ።

«ዝላቲና» አላት። «መብራቱን አታጥፊብኝ።»

የዚህም ክፍል ማብሪያ ከውጭ ነው። ዝላቲና ጣቷን ማብሪያው ላይ አሳርፋ ቆየች። ኔቬና ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ፣ ቆማ ታያት ነበር። ጣቷን አነሣች። በሩን ዘግታ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው። ከበሩ ሥር ያችን ቀጭን ቢጫ መስመር ጫማዋ ላይ እስክታያት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።