ከካርታው ጋር የተዋወቅኩበት እሁድ

ሰው ጂን አየሁ፣ ሕልሜ ደረሰ፣ አንድ ነገር ተጠናወተኝ ሲል ፊቴን አዙሬ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬዬን ስትሰሙ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር የምትወድ ናት እንዳትሉኝ ነው። ፋርማሲስት ነኝ፣ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ሳል ነው። ያደግኩት ደሴ ነው፣ መዳፍ እናንብብላችሁ እያሉ በር ለበር የሚዞሩትን ሴቶች እናቴ የሚጠጣ ውሃ ሰጥታ በትሕትና ስትሸኛቸው እያየሁ ነው ያደግኩት፣ እኛ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር ከደጃፍ አያልፍም ነበር። ታዲያ ያቺው ሴት ዛሬ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በሯን ቀርቅራ፣ ሬዲዮ ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?

የምኖረው ሐጂ ነስሩ ግቢ ነው። ሐጂ ሰባን የተሻገሩ፣ በጉልበታቸው ዘመን እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጡ ይነግዱ የነበሩ፣ አሁን ግን ከመስጊድና ከግቢያቸው ብዙም የማይርቁ ሰው ናቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ ረህመት ደግሞ አሞኝ ከሥራ ከቀረሁ ሳይጠየቁ ሾርባ ይዘው የሚመጡ ሴት ናቸው። ከግቢው ጀርባ ጎን ለጎን ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ፣ አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው የራሔል ነበር። ራሔል እንደኔው ከሰሜን የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ አራት ዓመት አብረን ኖረናል፣ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ኮርኒሱማ ለሁለታችንም አንድ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ ከአልጋዬ ሳልነሳ ይማርሽ እላት ነበር።

ካርታውን ያመጣችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሰጥታት ነው፣ ታሮት ይሉታል፣ ሰባ ስምንት ካርታ ነው፣ ከረምቦላ ቤት ጎረምሶች የሚጫወቱበትን ዓይነት ሳይሆን በያንዳንዱ ላይ ሰው፣ ሰይፍ፣ ጨረቃ፣ የወደቀ ግንብ የተሳለበት ነው፣ አሁን የከተማ ልጆች በስልክ ላይ ዕድል የሚያነቡበት እሱ ነው። ራሔል ወደ ወልቂጤ ስትዛወር ዕቃዋ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ወደኔ ተመልሳ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረገችልኝ። ምን ላድርገው ብላት እኔና እሱ አልተግባባንም፣ አንቺ ሞክሪው አለችኝ፣ አባባሏ ስለ ሰው የምታወራ ይመስል ነበር። ዝም ብሎ ዕድል አይጠየቅም አለችኝ፣ መጀመሪያ መተዋወቅ ነው፣ አምስት ጥያቄ ስለራሱ ትጠይቂዋለሽ፣ ለያንዳንዱ አንድ ካርታ ታወጫለሽ፣ እሱ ራሱን ያስተዋውቅሻል። ደግሞ አንቱ በዪው አለችኝ። ሳቅኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም፣ መኪናው ሲነሳም ወደኔ አላየችም፣ ያኔ መለያየቱ ከብዷት መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያህል ጨርቁን እንኳ ሳልፈታው ቀረሁ። ያ እሁድ መጣ። ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ሄዷል፣ ሐጂና እትዬ ረህመት ለዘመድ ኒካህ በጠዋት ቆሼ ሄደዋል፣ ግቢው ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም። ስልኬም ባትሪው ሊያልቅ ስለነበር በስልክ መቆየት አልቻልኩም፣ እመኑኝ፣ ሌላ ምንም አልነበረም፣ ስልቸታ ነው ያን ጨርቅ ያስፈታኝ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሳብኩት፣ ከካርታው ጋር የተጠቀለለችውን ትንሽ መጽሐፍ ከፈትኩ፣ በወዝኩ፣ ካርታው አዲስ ቢሆንም ዳር ዳሩ የብዙ ሰው እጅ እንደነካው ልስልስ ብሎ ነበር።

ማን ነዎት ብዬ ጠየቅኩ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ በራሴም እየሳቅኩ። በጥቁርና በነጭ ምሰሶ መካከል የተቀመጠች ሴት ወጣች፣ እቅፏ ላይ ያለውን ጥቅልል በካባዋ ግማሹን ሸፍናዋለች፣ መጽሐፏ የምታውቅ ግን የማትናገር ትላታለች። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከራሔል ክፍል፣ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው አልኩ።

ምን ያውቃሉ ብዬ ሁለተኛውን ጠየቅኩ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጆቹ የሸፈነ፣ በላዩ ዘጠኝ ሰይፍ የተደረደረበት ሰው ወጣ፣ እንቅልፍ የሚነሳን ነገር ነው ትላለች መጽሐፏ። አስቀመጥኩት፣ ወዲያም ጠብ አለ። አሁን ልብ አልኩ፣ ጠብታ ቢሆን እኔን አይጠብቅም። ካርታውን ለሙከራ እየበወዝኩ ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ ከዝናቡ ሥር፣ በዚያኛው ክፍል፣ የሚበወዝ ካርታ ድምፅ አለ። ፍርርር ይላል፣ ያቆማል፣ እንደገና ፍርርር ይላል። እጄን አቆምኩ፣ እሱም ቆመ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ የጭቃ ግድግዳ የገደል ማሚቶ እንደማይመልስ አሳምሬ እያወቅኩ ማለት ነው።

ለምን እንደቀጠልኩ አትጠይቁኝ፣ እኔም ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የያኔው ሐሳቤ አሁን ፈርቼ ብነሳ ፍርሃቴን እውነት ማድረግ ይሆንብኛል የሚል ነበር። ምን አይችሉም አልኩ፣ አሁን ድምፄ ቀንሷል። ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ፣ ክንዷም ከሰውነቷ ጋር የተጠፈረ ሴት ወጣች፣ ዙሪያዋን ሰይፍ ተተክሏል፣ መጽሐፏ በራሷ የትም መሄድ የማትችል፣ ሰው ካልመራት የማትንቀሳቀስ ትላታለች። ወዲያ ጠብ አለ። ከማን ጋር መሆን ይፈልጋሉ አልኩ አራተኛውን። ረጅም ነጭ ጢም ያለው፣ ምርኩዝ የያዘ፣ በሌላ እጁ ፋኖስ አንስቶ አንገቱን ያቀረቀረ ሽማግሌ ወጣ። ወዲያ ጠብ።

አምስተኛው መጨረሻችን ምንድን ነው የሚል ነበር። አልጠየቅኩም። ካርታውን ሰበሰብኩ፣ እጆቼን ጭኖቼ ላይ አደረግኩ። ዝናቡ ጋብ አለ፣ ግቢው ጸጥ አለ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ፍርርር አለና ትንሽ ቆይቶ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ጠብ አለ።

በረንዳው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። የራሔል በር ከውጭ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፣ ቁልፉ የሚከፈተው ሐጂ ዘንድ ባለው መክፈቻ ብቻ ነው። ስልኬ ላይ በቀረችው ባትሪ ራሔልን ደወልኩላት፣ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፣ በሦስተኛው አነሳችው። ሰላም እንኳ ሳልላት፣ ምንም ሳልነግራት፣ ስንተኛው ጥያቄ ላይ ደረስሽ አለችኝ።

"አራተኛው ላይ አቆምኩ" አልኳት።

ቀጥላ የነገረችኝን በልቅሶ ስለተናገረችው እየገጣጠምኩ ነው የተረዳሁት። እሷም ስትጠይቅ አራተኛው ላይ ሚዛን የያዘች ሴት ወጣችባት፣ አላመነችም፣ መልሳ በወዘችው፣ እሷው ወጣች፣ ሦስት ጊዜ በወዘችው፣ ሦስቴም እሷው። እኛ መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ላይ ባለቤቱ ለጌጥ ያስቀመጠው የድሮ የመድኃኒት ሚዛን አለ፣ ራሔል ያን ሚዛን ታውቀዋለች።

"አንቺን እንደሆነ ወዲያው ነው የገባኝ" አለችኝ። "እስክሰጥሽ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ከሰጠሁሽ በኋላ ግን ተኛሁ። ይቅር በዪኝ ልልሽ ስንት ጊዜ ስልክ አንስቻለሁ።"

ባትሪው አልቆ ስልኩ ጠፋ፣ ወይም እሷ ዘጋችው። እኔ ግን የማስበው ያን ጊዜ ስለ ሽማግሌው ነበር። ሐጂ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሂ ሰላት ሲወጡ ምርኩዛቸውን በአንድ እጅ፣ የእጅ ባትሪያቸውን በሌላው ይዘው፣ ጭቃውን ላለመርገጥ አንገታቸውን ደፍተው በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሐጂና እትዬ ረህመት ተመለሱ፣ በር ላይ በስብሼ ቆሜ አገኙኝ። ራሔል ክፍል ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፣ ሌባ ይሆናል አልኳቸው፣ ሌላ ምን እላለሁ፣ ሐጂም መክፈቻቸውን አምጥተው ከፈቱት። ቅዳሜ ዕለት ሠራተኛ ግድግዳውን ሲፍቅ ስለዋለ፣ እሱ ከወጣ በኋላ የሰፈረው የጀሶ ብናኝ ወለሉን በሙሉ ዱቄት አስመስሎታል፣ የእግር ዱካ የለበትም፣ የአይጥም የለበትም። ከኔ ግድግዳ ሥር ግን፣ የኔ ጠረጴዛ በሚቆምበት ትክክል፣ አምስት ቦታ ላይ ብናኙ የለም። አምስት ንጹሕ አራት ማዕዘን፣ የካርታ ቁመት፣ የካርታ ስፋት ያላቸው፣ በአንድ ረድፍ።

እትዬ ረህመት አውዙ ቢላሂ እያሉ ወደ ኋላ ሄዱ። ሐጂ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆይተው አዩትና ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ቤቴ ምን አስገባሽ?"

ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፣ ምናለ ተቆጥተውኝ በነበር። ያን ነገር አምጪው፣ እኔ ቁርአን ቀርቼበት የማደርገውን አደርጋለሁ፣ አንቺ ልጅ ነሽ አሉኝና እጃቸውን ዘረጉ። በራሷ የትም መሄድ የማትችለው ሴት ትዝ አለችኝ፣ ራሔል እጄ ላይ ስታደርገው ያየሁት ፊቷም ትዝ አለኝ፣ አልሰጥዎትም አልኩ። ምክንያቱን ልነግራቸው አልቻልኩም፣ እርስዎን ነው የሚፈልገው ብዬ በምን አፌ ልበላቸው። በሕይወቴ ለሽማግሌ እንዲያ ብዬ መልሼ አላውቅም። እጃቸውን አጠፉና ወደ ቤታቸው ገቡ።

ላቃጥለው ሞክሬ ነበር፣ ክብሪቱን ጭሬ ይዤ፣ ጭሱ ግቢ ውስጥ ወደማን መስኮት እንደሚገባ ሳስብ እፍ ብዬ አጠፋሁት። ብጥለው ሰው ያነሳዋል። ስለዚህ ሻንጣዬ ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ በሬ ሦስት ጊዜ በቀስታ ተንኳኳ፣ በበሩም ሥር የባትሪ ብርሃን ገባ። ልጄ አሉኝ፣ ያን ነገር ስጪኝ፣ ላሳርፍሽ። የሐጂ ድምፅ ነው፣ ጉራጌኛ የሚጎትተው አማርኛቸው ነው። ሳልከፍት ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን መልስ አልሰጠሁም፣ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብርሃኑ እስኪሄድ ጠበቅኩ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሐጂ እንደወትሮው ደኅንነቴን ይጠይቁኛል፣ ስለማታው አንድም ነገር አያነሱም፣ እኔም አላነሳም፣ ተቀይመውኝ ይሆናል እያልኩ።

በአራተኛው ማታ በሩ የተመታው በሌላ ዓይነት ነው፣ ደከም ያለ፣ በመዳፍ የተመታ ይመስላል። ልጄ አለ ድምፁ፣ ደግሞ ልጄ አለ፣ ያን ነገር ስጪኝ ግን አላለም። እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። አልተነሳሁም። እትዬ ረህመት ሲጮሁ ነው የከፈትኩት፣ ሐጂ ጀርባቸውን በሬ ላይ አስደግፈው ተቀምጠው ነበርና በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ፣ እግሬ ላይ ወደቁ። ደም ግፊታቸው ወጥቶ ኖሯል፣ መድኃኒት የምታውቀው ልጅ ትድረስልኝ ብለው ነው ወደኔ የመጡት። ሆስፒታል አደረስናቸው፣ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን ተያዘ። ሐኪሙ ቶሎ ብትደርሱ ኖሮ አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

አሁን በየጠዋቱ ግፊታቸውን የምለካላቸው እኔ ነኝ። እትዬ ረህመት ያመሰግኑኛል፣ በሬን ለምን እንዳልከፈትኩ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሐጂ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አያነሱም፣ በጤነኛው እጃቸው እጄን ይይዙና አንድ ነገር ሊሉ ይታገላሉ፣ አፋቸው ይንቀጠቀጣል፣ አይወጣላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ማታዎች በሬን ያንኳኩት እርስዎ ነበሩ ወይ ብዬ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፣ ራስዎን ነቅነቅ አድርገው እንኳ ይመልሱልኝ ልላቸው፣ እስካሁን ግን አልደፈርኩም።

ሐጂ ከተያዙ ዛሬ አርባ ቀን ሆናቸው፣ ይኸውላችሁ በእነዚህ አርባ ቀናት ከአፋቸው አንዲት ቃል አልወጣችም። ትናንት ግን ጀንበር ስትጠልቅ፣ እትዬ ረህመት በዋናው ቤት ሾርባቸውን በማንኪያ ሲያጎርሷቸው ከክፍሌ መስኮት እያየኋቸው፣ የኔ በር በቀስታ ሦስት ጊዜ ተንኳኳና፣ በሐጂ ድምፅ ልጄ አለኝ።